ወርዳችኋል?

«ቁልፍህን ለማንም አትስጥ፤ ለወንድምህም ቢሆን።»

በአባቴ ሙያ ከሁሉ የቀደመው ሕግ ይህ ነበር። ምሰሶ እየወጡ የመብራት መስመር የሚጠግኑ ሰዎች፣ ከመውጣታቸው በፊት መንገድ ዳር ባለው የብረት ሣጥን ውስጥ ያለውን ማንሻ ወደ ታች ስበው ኃይሉን ይቆርጣሉ። ከዚያም እያንዳንዱ ሰው ሣጥኑን በየራሱ ጓጉንቸር ይቆልፍና ቁልፉን ኪሱ ይከታል። አምስት ሰው ከወጣ አምስት ጓጉንቸር ይንጠለጠላል። የመጨረሻው ሰው ወርዶ የራሱን ጓጉንቸር በራሱ ቁልፍ እስኪፈታ ድረስ፣ የፈለገ ባለሥልጣን ቢመጣ ያንን ማንሻ መልሶ ሊያነሣው አይችልም። እያንዳንዱ ሰው ነፍሱን በገዛ ኪሱ ይዞ ይወጣል ማለት ነው።

ይህን ሕግ ፊደል ከመቁጠሬ በፊት አውቀው ነበር። ያስተማረኝ አባቴ ሳይሆን የሥራ ባልደረባው ነው። ከቁመቱ የተነሣ ሰው ሁሉ «ቀጭኔ» ይለዋል፤ ትክክለኛ ስሙን የሰማሁት ብዙ ቆይቼ ነው። ቤታችን ሲገባ በሩ ላይ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «ይህን መቃን የሠራው አናጢ በእኔ ላይ ቂም ነበረው» ይላል፤ በመጣ ቁጥር ይለዋል፤ እናቴም በመጣ ቁጥር ትስቃለች። ከዚያ ወንበር ስቦ ከፊቴ ይቀመጣል።

«እሺ አለቃ፤» እኔን አለቃ ነበር የሚለኝ፤ «የስኳር ዕቃው ሣጥኑ ነው፤ ማንኪያው ምሰሶው ነው። እኔ ወጣሁ። ቁልፌ የት ነው?»

«ኪስህ ውስጥ።»

«ስጠኝ ብትለኝስ?»

«አትሰጠኝም።»

«ብታለቅስስ?»

«አትሰጠኝም!»

«ይኸው! እዚህ ቤት አንድ ሰው ተገኘ። አባትህ እንኳ እንደዚህ ቶሎ አልገባውም።»

አባቴም ከተቀመጠበት፣ «አስተማሪዬ አንተ ስለነበርክ ነው» ይለዋል።

ከዚያ እኔ የምጠብቀው ክፍል ይመጣል። ጓጉንቸሮቹ ሁሉ ከተፈቱ በኋላ፣ ማንሻውን የሚያነሣው ሰው ከማንሣቱ በፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ «ወርዳችኋል?» ብሎ መጠየቅ አለበት፤ የወጡትም እግራቸው መሬት ረግጦ «ወርደናል!» ብለው መመለስ አለባቸው። ጠያቂው እኔ ነበርኩ። ጉሮሮዬ እስኪነቃ «ወርዳችኋል?» ብዬ እጮኻለሁ። ቀጭኔና አባቴ፣ አንዳንዴም እናቴ ከምድጃው አጠገብ፣ «ወርደናል!» ይላሉ። ሮጬ የግድግዳውን ማብሪያ ቀጭ ሳደርገው ክፍሉ በብርሃን ይሞላል። በዚያ ዕድሜዬ የከተማው መብራት ሁሉ የሚበራው እነዚህ ሁለት ሰዎች ሲፈቅዱ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

*

ነፋስና ዝናብ በበዛበት በአንድ ወቅት ቀጭኔ መምጣት አቆመ። እናቴ «ለሥራ ሩቅ ሄዷል» አለችኝ። በዚያው ሰሞን አባቴ ቤት መዋል ጀመረ።

አንድ ጠዋት ከእንቅልፌ ነቅቼ ወደ ወላጆቼ ክፍል ስሄድ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አባቴ የሥራ ልብሱን ለብሷል። ወፍራም ሶል ያለውን ጫማውን አጥልቋል፤ ሰፊውን የቆዳ ቀበቶም ታጥቋል። ግን አልቆመም። ከአልጋው ሥር መሬት ላይ ተንበርክኮ ግንባሩን ፍራሹ ጠርዝ ላይ ደፍቷል። ጀርባው እንደ ሯጭ ጀርባ ቶሎ ቶሎ ይነሣል፣ ይወድቃል። በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል ሸሚዙ በላብ ርሷል። ቀኝ እጁ ተጨብጦ ፍራሹ ላይ ተዘርግቷል፤ ከጣቶቹ መካከል የጓጉንቸሩ ቁልፍ ጫፍ ብቅ ብሏል።

እናቴ እጇን ከእቃ ማጠቢያው ውኃ ሳታደርቅ መጣችና በሩን ቀስ ብላ ሳበችው።

«እማዬ፣ አባዬ ምን ሆኖ ነው?»

በሩን እንደያዘች ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

«እየጸለየ ነው» አለች። «አትረብሸው።»

ይህ ለእኔ ትልቅ ዜና ነበር። እሑድ እሑድ እኔና እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ አባቴ እስከ በሩ ብቻ ይሸኘን ነበር። እምነት የሌለው ሰው አልነበረም፤ ግን እግዚአብሔርን በሩቅ ሆኖ የሚያከብር ዓይነት ሰው ነው። ከቀጭኔ ጋር አጥሩ ሥር ቆሞ ሲያወራ ይቆይና ስንወጣ፣ «እናንተ ስትጸልዩ እኔ መብራቱ እንዳይጠፋባችሁ እጠብቃለሁ» ይላል። እናቴ ይህን ቀልድ አትወደውም ነበር። አሁን ይኸው ሰው ልብሱ እስኪረጥብ ይጸልያል። ኩራቴ ደረቴን ነፋው። ጸሎት እንደ ምሰሶ መውጣት ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ እንደሆነና አባቴም ይህን ሥራ እንደማንኛውም ሥራ ቀበቶውን ታጥቆ እንደሚሠራው ተረዳሁ።

በማግስቱም እንደዚያው ሆነ፤ ከማግስቱም በኋላ። ሠራተኞቹን የምትሰበስበው መኪና መጥታ ከበራችን ላይ ጥሩንባዋን ትነፋለች። አባቴ አይወጣም። እናቴ ነጠላዋን ደርባ ትወጣና ከሾፌሩ ጋር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። እኔ አጥሩን ተጠግቼ እሰማለሁ።

«እትዬ፣ ዛሬስ?»

«ዛሬም አልቻለም።»

«ኃላፊው እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቀዋለሁ ብሏል። ከዚያ ወዲያ መጋዘን ነው የሚገባው። ምሰሶ የሚባል ነገር የለም።»

«እነግረዋለሁ።»

«ኧረ አይንገሩት! ይልቅ እኛ ጋ ቦታው እንዳለ ነው፣ ወንበሩ ላይ ማንም አልተቀመጠበትም በሉልኝ።»

እኔም ነገሩን በራሴ ፈታሁት። አባቴ ጸሎቱን ሳይጨርስ መኪና አይሳፈርም። ከእግዚአብሔር ጋር የጀመረውን ነገር አቋርጦ ለጥሩንባ የሚሮጥ ሰው አይደለም። ትምህርት ቤት አብሮኝ ለሚቀመጠው ልጅ ይህንኑ ነገርኩት። ልጁ አባቱ ዳቦ ጋጋሪ ነበርና፣ «የእኔ አባት ግን ካልሄደ ይባረራል» አለኝ። አዘንኩለት።

*

እናቴ ካረጀች በኋላ አንድ ቀን ልጠይቃት ሄጄ፣ ዓይኗ ስለደከመ ክር በመርፌ ቀዳዳ እያስገባሁላት ስለነዚያ ጠዋቶች አነሣሁባት። የአባቴን ጸሎት አድንቄ ተናገርኩ።

«አይ ልጄ፤» አለች፤ «መቼ ጸለየ። ጉልበቱ ከድቶት ነበር እንጂ። ለብሶ ታጥቆ ከአልጋው ይነሣና እዚያው ይወድቃል። ትንፋሽ ያጥረዋል። ልቡ የምትቆም ይመስለዋል። የመኪናዋን ድምፅ ሲሰማ ደግሞ ይብስበታል።»

«ታዲያ ለምን እየጸለየ ነው አልሽኝ?»

«ምን ልበልህ? አባትህ ፈርቷል ልበልህ? አንተ አባቴ ምሰሶ ይወጣል እያልክ ሰፈሩን ስታስጨንቅ! መንበርከኩን አየሁ፤ የመሰለውን ተናገርኩ።» መርፌውን ተቀበለችኝና በብርሃኑ አቅጣጫ ያዘችው። «ደግሞ ፈጽሞ ውሸት አልነበረም። እኔ በሩን ይዤ እየጸለይኩ ነበር። ለሁለታችን ነበር የምጸልየው።»

እርጥብ እጇን በሩ ላይ አድርጋ የምትቆመው የአባቴን ጸሎት ከእኔ ጩኸት ልትጠብቅ ነው ብዬ ኖሬ ነበር።

የሆነው ነገር ይህ ነው። አውሎ ነፋስ የአንድ ሠፈር መስመር በጣጥሶ፣ የአባቴ ቡድን ቀኑን ሙሉ ሲጠግን ዋለ። ሥራው ሲያልቅ ሁሉም ወረዱ፤ ሁሉም ጓጉንቸራቸውን ፈቱ። የማንሣቱ ተራ የአባቴ ነበር። ሣጥኑ የነበረው ከአንድ ግንብ በስተጀርባ ስለሆነ ከዚያ ቆሞ ምሰሶውን ማየት አይቻልም። እንደ ሕጉ «ወርዳችኋል?» ብሎ ጮኸ። «ወርደናል!» አሉ፤ ቀጭኔም ከሁሉ ጮክ ብሎ «ወርደናል!» አለ። እውነቱን ነበር፤ ወርዶ ነበር። ነገር ግን አባቴ ግንቡን ዞሮ ሣጥኑ ጋ እስኪደርስ ባለው ጊዜ ውስጥ ቀጭኔ ቀና ሲል ፒንሳው ምሰሶው ላይ ተሰክቶ መቅረቱን አየ። ረጅም ሰው ነው፤ ጥቂት ቢወጣ ይደርስበታል። ለማንም ሳይናገር ተመልሶ ወጣ። አባቴ ማንሻውን አነሣ።

ኃይሉ ቀጭኔን ምሰሶው ላይ መታው፤ ቀበቶው ከመውደቅ አተረፈው። ቀኝ ክንዱ ግን ከክርኑ በታች ተቆረጠ። መርማሪዎች መጥተው ሁሉንም ጠይቀው ሲያበቁ፣ አባቴ ሕጉን አንድም ሳያጓድል እንደፈጸመ ጻፉ። ማንሻውን ያነሣው እጅ ግን የመርማሪዎቹን ቃል አልሰማም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ የቤታችንን ማብሪያ እንኳ አይነካም ነበር። ሲመሽ ጨለማው ውስጥ ተቀምጦ፣ «አለቃ፣ እስቲ አንተ አብራው» ይለኛል። ቀጭኔ ባለመኖሩ እኔን በአለቃነት መጥራቱን ወርሶ ነበር። እኔ ደግሞ ሹመት መስሎኝ ወገቤን ቀጥ አድርጌ እሄድ ነበር። ከማብራቴ በፊት እንደ ልማዴ «ወርዳችኋል?» ብዬ የጮህኩበት ምሽት ትዝ ይለኛል። አባቴ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ወደ ጓሮ ወጣ። እናቴ፣ «ዝም ብለህ አብራው፤ ከእንግዲህ አትጩህ» አለችኝ። ጨዋታው ያረጀባቸው መሰለኝ።

*

አንድ ከሰዓት እናቴ ፊቴን አጥባ፣ ንጹሕ ልብስ አልብሳ፣ «ና፣ የሚጠየቅ ሰው አለ» አለችኝ። ከአባቴ ጋር ብቻዬን ልትተወኝ ስላልደፈረች እንደወሰደችኝ ያኔ አላወቅሁም። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ጎንበስ ብላ፣ «ጋሽ ቀጭኔን ነው የምናየው። ከጉዞው ሲመለስ ታሞ ነው። ስለ እጁ እንዳትጠይቀው» አለችኝ። ስለ እጁ ባታነሣብኝ ኖሮ ሁሉን ነገር አይ ነበር፤ ካነሣችብኝ በኋላ ግን ከእጁ በቀር ምንም አላየሁም።

አልጋው አጥሮበት እግሮቹ በብረቱ መካከል ወደ ውጭ ወጥተዋል። የፒጃማው ቀኝ እጅጌ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ክፍሉ መድኃኒትና የተቀቀለ ጨርቅ ይሸታል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። ስንገባ ዞረ፤ ግን ስለ መቃኑ አልቀለደም።

«አባትህ ደህና ነው?» አለኝ።

«ደህና ነው» አለች እናቴ በእኔ ፈንታ።

«ደህና ከሆነ መልካም።»

እናቴ ያመጣችውን ብርቱካን ከወረቀቱ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች፤ መልሳ ሰበሰበች፤ እንደገና ደረደረች።

«እህቴ፣» አለ በመጨረሻ፤ «እውነቱን ንገሪኝ። ተቀይሞኛል አይደል?»

«ኧረ ምን ነካህ!»

«ቢቀየመኝ አልፈርድበትም። በአንዲት ፒንሳ የራሴን እጅ ባጠፋ አንድ ነገር ነው፤ የእሱን እጅ ነው ያጠፋሁት። ሰው ሁሉ መጣ። ኃላፊው መጣ። ያ ስስታም ሾፌር እንኳ ሙዝ ይዞ መጣ። እሱ ግን አንዴ እንኳ…»

እኔ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቀጭኔ አባቴን እየከሰሰው ነው። ያውም ሰው በማይችለው ሥራ ላይ ያለውን አባቴን! አላስቻለኝም።

«አባዬማ በየቀኑ እየጸለየልህ ነው!»

እናቴ ብርቱካኑን እንደያዘች ቀረች። ቀጭኔ አንገቱን ከትራሱ ቀና አደረገ።

«ማን? አባትህ? አጥር ሥር ቆሞ መብራት የሚጠብቀው አባትህ?»

«አዎ! ጫማውን አድርጎ፣ ቀበቶውን ታጥቆ፣ መሬት ላይ ተንበርክኮ ነው የሚጸልየው። ሸሚዙ እስኪረጥብ! ቁልፉን በእጁ ጨብጦ! መኪናዋ ስትጠራው እንኳ አይነሣም፤ ጥላው ትሄዳለች።»

ቀጭኔ ወደ እናቴ ተመለከተ። እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እኔ ምስጢር ስላወጣሁ የተቆጣች መሰለኝ። እሱ ግን በደቂቃ ውስጥ ሁሉን ነገር አንብቦት ነበር፤ ብዙ ዓመት ቆይቶ ራሱ ነግሮኛል። ምሰሶ ላይ ወጥተው መውረድ ያቃታቸውን ወጣቶች አቅፎ አውርዷል፤ የፈራ ሰው ሸሚዝ የት የት እንደሚረጥብ ያውቃል። «ታዲያ አባቴ እየጸለየ እንዳልሆነ ካወቅህ ለምን ያን ቀን በእኔ መልእክት ላክህለት?» ብዬ ጠየቅሁት። «እኔ ምን አውቄ» አለኝ፤ «እግዚአብሔር ፊት ተንበርክኮ ላብ የሚያልበው ሰው ጸሎት አልጀመረም የሚል እኔ ማነኝ?»

በዚያን ቀን ግን ጣሪያውን አየ። ከዚያ ግራ እጁን ዘርግቶ አገጬን ያዘ።

«አለቃ፣ መልእክት ታደርሳለህ?»

«አደርሳለሁ።»

«እንዳለ፤ ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ። ጸሎትህ ደርሷል በለው። ቀጭኔ ነው ያለው በለው።» አገጬን ለቅቆ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። «ደግሞ ወርጃለሁ ብሏል በለው። አየህ፣ ያኔ መልሼለት ነበር፤ ግን ዋሸሁት። አሁን እውነቴን ነው። ወርጃለሁ በለው።»

ቤት ስንደርስ እየመሸ ነበር። አባቴ እንደ ልማዱ ጨለማው ውስጥ ተቀምጧል። ከማብሪያው በፊት ወደ እሱ ሮጥኩና መልእክቱን በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ።

«ምን አለ?» አለኝ።

ደገምኩለት።

«የምን ጸሎት?»

«ያንተ ነዋ! ጠዋት ጠዋት የምትጸልይለት። ነገርኩት። አለቀሰ። ደርሷል፣ ወርጃለሁ አለ።»

ጨለማው ውስጥ የአባቴን ፊት አላየሁትም፤ የወንበሩ እንጨት ሲንቀጫቀጭ ብቻ ሰማሁ። በልቤ፣ ትሑት ሰው ጸሎቱ ሲወጣበት እንዲህ ያፍራል አልኩ። ዛሬ ሳስበው፣ ያልላከው ነገር ደርሶ መልስ የመጣለት ሰው ነበር። ያን ያህል የተራቆተ ሰው አይቼ አላውቅም።

*

በማግስቱ ጠዋት ወደ ክፍሉ ስመጣ እንደ ወትሮው ተንበርክኮ አገኘሁት። ጀርባው ይነሣል፣ ይወድቃል። ቁልፉ በጭብጡ ውስጥ ነው። እናቴ በሩ ላይ አልነበረችም። ቀጭኔን ካየሁት ጀምሮ አንድ ሐሳብ ይዞኝ ነበር፤ አንድ ሰው ብቻውን ሲጸልይ እጅ ካልበቀለ ሁለት ሰው ቢሆን ይሻላል የሚል። ገባሁና ከጎኑ ተንበረከክሁ። ግንባሬ ፍራሹ ላይ ስላልደረሰ አገጬን አስደገፍኩ።

የማውቀው አንድ ጸሎት ብቻ ነው፤ «አባታችን ሆይ»። እሱንም እስከ መጨረሻው አላውቀውም። እሑድ እሑድ ከልጆች ጋር በጅምላ ስንለው በሌሎቹ ድምፅ እየተሳብኩ አልፈዋለሁ፤ ብቻዬን ስሆን ግን ስለ ይቅርታ የሚናገረው ቦታ ስደርስ ይጠፋብኛል። ያን ቀንም ጮክ ብዬ ጀመርኩ። እንጀራውን አለፍኩ። በደሉ ጋ ስደርስ ጠፋብኝ። መልሼ ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ እዚያው ቦታ ቆምኩ። እንደገና ጀመርኩ። እንደገና ቆምኩ።

በሦስተኛው ከጎኔ አንድ ድምፅ ቀጠለው። የአባቴ ድምፅ መሆኑን ለመለየት ጥቂት ቆየሁ፤ ሻክሮ ነበር፤ በአንድ ትንፋሽ ሁለት ቃል ብቻ ይወጣዋል። የይቅርታውን ቃል አለ። አረፈ። ደገመው። እኔ ተከተልኩት። ቃል በቃል እየቀደመኝ፣ እየተከተልኩት፣ ተያይዘን እስከ አሜን ደረስን። ጸሎቱ ረጋ ብሎ ሲሄድ ትንፋሹም እያደር አብሮት ረጋ።

የጨረስን መስሎኝ ልነሣ ስል፣ «ቆይ» አለኝ። ከዚያ ከእኔ ጋር አልነበረም የሚያወራው።

«ጌታ ሆይ፣» አለ፤ «ፈርቻለሁ። እጄን ፈራሁት። ልጄ ነው ያስታረቀኝ፤ ምንም ሳልልህ ነው ያስታረቅኸኝ። እኔ ይህን ነገር ብቻዬን መያዝ አልቻልኩም። አልቻልኩም። ውሰደው።»

ደነገጥኩ። ትልቅ ሰው እግዚአብሔርን በቁመቱ ልክ የሚያናግረው ይመስለኝ ነበር፤ ፈርቻለሁ እንደሚባል አላውቅም። አባቴ ቀኝ እጁን ቀስ ብሎ ከፈተ። ጣቶቹ አንድ በአንድ ነበር የተላቀቁት። የቁልፉ ጥርስ መዳፉ ላይ ቀይ መስመር አስምሮ ነበር። ቁልፉን ፍራሹ ላይ አስቀመጠውና እጁን አነሣ። ከኪሱ ወይም ከእጁ ወጥቶ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

እናቴ ከኋላችን መቼ እንደገባች አላወቅንም። ተንበርክካ አገኘናት።

የመኪናዋ ጥሩንባ ተነፋ። አባቴ አልጋውን ተደግፎ ብድግ አለ፤ ቆመ። ቀበቶውን ፈታ። በመስኮቱ ብቅ ብሎ ለሾፌሩ፣ «ዛሬ ሌላ ቦታ እሄዳለሁ» አለው። ሾፌሩ ድምፁን በመስማቱ ብቻ ጥሩንባውን ሦስት ጊዜ ነፍቶለት ሄደ። አባቴ የእሑድ ሸሚዙን ለብሶ ወደ ሐኪም ቤት ወጣ። ብቻውን ሄደ። ከቀጭኔ ጋር ምን እንደተባባሉ ሁለቱም ለማንም ሳይናገሩ ኖረዋል። ቀጭኔ ያለኝ ይህን ብቻ ነው፤ «መጀመሪያ እሱ አለቀሰ፤ ከዚያ እኔ። ከዚያ ብርቱካን ላጠልኝ፤ አንድ እጅ ላለው ሰው ብርቱካን መላጥ አይመችም።»

ሲመለስ መሽቶ ነበር። ክፍሉ ጨልሟል። እኔ ሥልጣኔን ይዤ ወደ ማብሪያው ስራመድ በትከሻዬ ያዘኝ።

«ተው፤ ዛሬ ተራው የእኔ ነው።»

ግድግዳው ጋ ሄዶ ቆመ። እጁን አነሣ። ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ከዚያ ደረቱን ነፍቶ፣ ምሰሶ ሥር እንደቆመ ሰው፣ ቤቱን በሚያናውጥ ድምፅ ጮኸ፤

«ወርዳችኋል?»

እናቴ ከወጥ ቤቱ፣ «ወርደናል!» አለች። ሳቋና ለቅሶዋ ተደባልቆ ነበር። እኔም ጨዋታው በመመለሱ ከደስታ ብዛት ወንበር ላይ ወጥቼ «ወርደናል!» አልኩ። አባቴ ዞሮ አየኝ። «አንተ ወርደሃል? መጀመሪያ ከዚያ ወንበር ውረድ» አለ። ወረድኩ። እስክወርድ ጠበቀ። ከዚያ አበራው።

ጭንቀት በአንድ ጠዋት ጸሎት እንደ ጉም በነነ ብዬ ብጽፍ አባቴ አይወድልኝም ነበር። ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላም ጠዋት ጠዋት ትንፋሽ የሚያጥረው ጊዜ ነበር። እሱ ያደረገው ነገር፣ እዚያው በወደቀበት ቦታ፣ በዚያው በጉልበቱ መጸለይ ነው። ሸሚዙ ሲረጥብ ይረጥባል፤ ጸሎቱ ሲያልቅ ደረቅ ሸሚዝ ይቀይራል፤ ቁልፉን ከፍራሹ ላይ አንሥቶ ወደ መኪናዋ ይወጣል። ካደግሁ በኋላ ስለዚያ ሕግ ጠየቅሁት፤ ቁልፍህን ለማንም አትስጥ ስለሚለው። «ምሰሶ ላይ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም» አለኝ። «ቤት ግን ጠዋት ጠዋት እሰጣለሁ። እሱ ደግሞ መልሶ ይሰጠኛል።»

ከዚያ በኋላ በእነ አባቴ መሥሪያ ቤት፣ ማንሻው ከመነሣቱ በፊት የወጡት ሁሉ በየስማቸው ተጠርተው፣ ከሣጥኑ ፊት በአካል ቆመው «ወርጃለሁ» እንዲሉ ተደነገገ። ስም ጠሪ ሆኖ የተመደበው ቀጭኔ ነበር። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ምሰሶ ወጣ።